ስለ ቶዮታ መኪና እድገትና ስለ ባለንብረቶቹ አስተያየት

ሞላሌ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የመንዝ ከተማ ናት። መንዝ ከበግ ጠጕር በሚሠራው ባና የታወቀ ነው። በዚሁ ደጋ ስለሚመላለሰው ስለ ቶዮታ አመጣጥ ስንመረምር አንድ ነገር አስገረመን፤ ይኸውም ኩባንያው ራሱ ከሽመና ሥራ የተወለደ መሆኑ ነው። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 በራሱ የሚሠራ የሽመና መኪና አወጣ፤ ልጁ ኪኢቺሮም በ1937 የአውቶሞቢሉን ኩባንያ አቋቋመ። ላንድ ክሩዘር ስሙን በ1954 አገኘ፤ በ1967 የወጣውን ሃይኤስን የአገራችን ሰው በየዘመኑ ዓይነት ዶልፊንና አባዱላ ብሎታል።

ባለንብረቶች ቶዮታን የሚያመሰግኑት ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን መለዋወጫው ስለሚገኝና መካኒኩ ሁሉ ጠባዩን ስለሚያውቀው ነው። ሲሸጡትም ዋጋው ብዙ አይወድቅም፤ ነገር ግን ይኸው እምነት አሮጌውን እንኳ ለገዢው አስወድዶታል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። እንግዲህ ተተኪው የኤሌክትሪክ መኪና የሚመሰገነው በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ስላማረ ሳይሆን፣ በሞላሌ ዳገት ሲበላሽ ጠጋኝ ያገኘ እንደ ሆነ ነው ብለን እናምናለን።