ሰማዕት ማለት ምስክር ነው፦ ስለ እውነት መሞት ገጸ ባሕርይን ጀግና ያደርገዋልን?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ የድርሰት ገጸ ባሕርይ ስለ እውነት በመሞቱ ብቻ ጀግና ይባላልን? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ መምህራን ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የምመለከተው በታሪክ ሰው ዓይን ነው። ደራሲዎቻችን ስለ ሞት ያሰቡት ከታሪክ ተነሥተው ነው፤ እኛም በተራችን ሟቾቻችንን የምናስታውሳቸው ደራሲዎች በሰጧቸው መልክ ነው።

በቃሉ ልጀምር። «ሰማዕት» የሚለው የግእዝ ቃል «ሰምዐ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ምስክር ማለት ነው። የግሪኩም አቻ ቃል መነሻው ይኸው ነው። «ገድል»ም የተገኘው «ተጋደለ» ከሚለው ነው፤ ታገለ፣ ተጋ ማለት ነው። እንግዲህ በቃሉ ሥር የምናገኘው ምስክርነትና ትጋት ነው፤ ሞት የመጣው ለዚያ ምስክርነት እንደ ተከፈለ ዋጋ ነው። ይህን የጋይንት ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ ዓመታትን ይቀመጥና ትምህርቱን ሲፈጽም «አስመሰከረ» ይባላል። በዚህ ምስክርነት የሚሞት የለም፤ ጸንቶ የሚቆይ እንጂ።

«ሰው በቃሉ መጽናቱ የሚታወቀው ሲሞትለት ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። በአንደበት እውነትን ማወደስ ቀላል ነው፤ አንገትን መስጠት ግን አይደለም። ይሁን እንጂ ሞት የሚያረጋግጠው የሟቹን ቁርጠኝነት ነው። የቆመለት ነገር እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ለሐሰትም ቆርጠው የሞቱ ብዙዎች ናቸው።

ዳግማዊ ቴዎድሮስን እንውሰድ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሁሉም ጽፈውባቸዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ ከመስጠት ይልቅ ሞትን መምረጣቸው ለደራሲ የተዘጋጀ ፍጻሜ ነው። ነገር ግን ወደ መቅደላ የሚወስደው መንገድ በእናንተ አገር ያልፍ ነበር። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ታላቁን መድፍ እያስጎተቱ፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አድርገው ወደ ዋድላ ወጡ። ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ዓመታት ሠራዊታቸው የበጌምድርን ገበሬ እህልና ከብት ዘርፏል፤ ጎንደርም ተቃጥላለች። በመድረክ ላይ የመጨረሻዋ ጥይት ስትተኮስ ይህ ሁሉ ከተመልካቹ ልብ ይጠፋል። ንጉሡን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምለው፤ አንድነትን መመኘታቸው፣ ለባዕድ አለመንበርከካቸው የታሪክ ሐቅ ነው። የምለው፣ ያማረ ሞት የኖረውን ሕይወት ከመጠየቅ ሊያድን አይገባም ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ኢጣልያ ጥይት የተገደሉት አርበኞችን አላወግዝም በማለታቸው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ እርሳቸው ለጻፈው ተውኔት የሰጠውን ርእስ ልብ በሉ፦ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»። ርእሱ የሚያመለክተው ጥይቱን ሳይሆን ከጥይቱ በፊት ያለችውን ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ሌላ መንገድ ክፍት ነበር፤ አንዲት የውግዘት ቃል ትበቃ ነበር። ጀግንነቱ ያለው እዚያ ምርጫ ላይ ነው። ምርጫ የሌለው ገጸ ባሕርይ ቢሞት እናዝንለታለን፤ ጀግና ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልገናል።

ሦስተኛው ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤ የዘርና የባላባትነትን ሥርዐት ፊት ለፊት ይነቅፋል። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ስቅላት አይደለም፤ «ጉዱ» የሚል ስም ነው። ሰው ይስቅበታል፣ እንደ እብድ ይቆጥረዋል፤ እርሱ ግን በማግሥቱም ያንኑ ይናገራል። ሞቱም ስለ ንግግሩ የመጣ ቅጣት አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ ከልቦለዱ ሰዎች ሁሉ ለእውነት እጅግ የጸናው እርሱ ነው። አንዴ መሞት ከባድ ነው፤ በየቀኑ መሳቂያ ሆኖ እውነት መናገርም ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም።

ይህ ክርክር ለምን አስፈለገ? ብዙ ቤት ሐዘን በገባበት ዘመን ላይ ስለምንገኝ ነው። ሟችን ሁሉ ጀግና ማለት ለቅሶን ያቀልል ይሆናል። ነገር ግን ወጣቶቻችን የእውነት መለኪያው መቃብር ነው ብለው እንዲያስቡ ያደርጋል፤ በሕይወት ቆመው የሚመሰክሩትንም ያስረሳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን በያዙበት ወቅት የመደፈር ጥቃት የደረሰባቸው 16 ሴቶች የደረሰባቸውን ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናገሩ፤ ሪፖርቱም በ2014 ዓ.ም. ወጣ። እንዲህ ያለውን መናገር በሰፈርና በቤተሰብ ፊት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እነዚህ ሴቶች አልሞቱም፤ መሰከሩ። በቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ከሄድን ሰማዕት የሚለው ስም የእነርሱም ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። ሞት ገጸ ባሕርይን ጀግና አያደርግም። ጀግና የሚያደርገው ሌላ መንገድ እያለው የመሰከረው እውነትና የዚያን እውነት ዋጋ ራሱ መክፈሉ፣ ለሌላ አለማስከፈሉ ነው። መምህራን ድርሰት ስታስተምሩ ተማሪውን «ጀግናው እንዴት ሞተ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን መሰከረ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚነሣ ደራሲም ገና ያልተጻፈለት ጀግና አለው፤ ኖሮ የመሰከረው።