የሁለቱ ጎማዎች ገንዘብ

በረዶ ስንል እኛ የምናውቀው ቆርቆሮ እያንኳኳ የሚወርደውን፣ ልጆች በጣሳ የሚለቅሙትን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውኃ ሆኖ ቦይ የሚገባውን ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላው ነው፤ ድምፅ ስለሌለው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሲወርድ አድሮ ጠዋት መንገዱንም አጥሩንም መኪናውንም አንድ ነጭ አድርጎ ስለሚጠብቃችሁ፣ አንዴ ኅዳር ላይ ከገባ እስከ መጋቢት ስለማይወጣው እንግዳ። ፈረንጆቹ ለሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው። እኛ ሁለቱንም «በረዶ» ብለን አልፈናል። ምን እናድርግ፣ ከሰሜን ተራሮች ጫፍ በቀር ሁለተኛው ደጃችን መጥቶ አያውቅማ!

በ2009 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማወራው፤ የእኛን ስፈልግ «ዓ.ም.» እላለሁ) ስዊድን አገር፣ ኡፕሳላ ከተማ የሚኖረውን ወንድም ጋሼን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ወሩ የካቲት ነው። አንድ ቀን የሚኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ይዞኝ ወረደና የዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል ከፈተልኝ። እማዬ የላከችው በርበሬና ሽሮ በፕላስቲክ በርሜል፣ አሮጌ ወንበር፣ ከዚያ ደግሞ ጥግ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ የተቆለሉ አራት ጎማዎች፣ ከነቸርኬያቸው። በየአንዳንዳቸው ላይ በጠመኔ፣ በአማርኛ፣ «የፊት ግራ»፣ «የኋላ ቀኝ» ተብሎ ተጽፏል። መኪናው ላይ አራት አሉ፤ እዚህ አራት። አንድ መኪና፣ ስምንት ጎማ! አንዷን ጎማ ጎሚስታ ደጃፍ ቆመን ስንት ጊዜ የምናስለጥፍ ሰዎች ይህን ስናይ ምን ይሰማናል?

«የበጋዎቹ ናቸው፤ እስከ ሚያዝያ ይተኛሉ» አለኝ።

«ይኼ ሁሉ ወጪ ከሚወጣ መኪናውን አትለውጠውም?» አልኩት። መኪናው ቮልቮ 940 ነው፤ በኋላ ጎማዎቹ የሚገፋ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቡና ላይ ሲቀመጡ የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር «ለበረዶ በፊት ጎማ የሚጎትት ነው እንጂ» የሚለው ነው፤ እኔም ያንኑ ሰምቼ ነበር። ወንድም ጋሼ ግራ ጉልበቱን እያሸ «ጥፋቱ የመኪናው አይደለም» አለኝ። ጉልበቱን ለምን እንዳሸ ኋላ እመጣበታለሁ። ያን ጊዜ እኔም አላወቅሁም።

የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበርኩ ሰው ስለ ጎማ ምን አገባኝ እንዳትሉኝ። አንድ ጥያቄ ይዞኝ ነው። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ለበረዶ አይሆንም ከተባለ፣ ይህ የግማሽ ዓመት ክረምት አገር ቮልቮን ከ1927 ጀምሮ እንዴት ሲነዳው ኖረ?

መነሻው ላይ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል በኋላ ጎማ የሚገፋ ነበር። በ1886 የወጣችው የካርል ቤንዝ ባለሦስት ጎማ ጋሪም እንደዚያው ናት። ሞተሩ ወደ ፊት ከመጣ በኋላም ጉልበቱ በካምቢዮ አልፎ፣ በመኪናው ሆድ ሥር በተዘረጋ ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይላካል። ይህ ሞኝነት አልነበረም። የፊት ጎማ ሥራው መሪ መታዘዝ ነው። ግራና ቀኝ እየዞረ ደግሞ ጉልበት ተቀብሎ ሳይንገጫገጭ እንዲሽከረከር የሚያደርግ መጋጠሚያ መሥራት ቀላል አይደለም። በ1934 ፈረንሳዩ ሲትሮየን ብዙ ምርት ከወጣላቸው የመጀመሪያዎቹ የፊት ጎማ ጎታች መኪናዎች አንዱን አወጣ፤ በዚያው ዓመት ከሰረና ጎማ ሠሪው ሚሽለን ጠቀለለው። ስዊድን ውስጥም አውሮፕላን ይሠራ የነበረው ሳብ በ1949 መጨረሻ የመጀመሪያ መኪናውን ማምረት ሲጀምር በፊት ጎማ የሚጎተት አደረገው። ኤሪክ ካርልሶን የሚባለው ነጂ በሳብ ሞንቴ ካርሎን በ1962 እና በ1963 አከታትሎ ሲያሸንፍ፣ «ለበረዶ የፊት ጎማ» የሚለው ወሬ ከአፍ አፍ መዞሩ አያስገርምም።

ቮልቮ ግን በኋላ ጎማው ቀጠለ። 240 የተባለው ሞዴል ብቻ ከ1974 እስከ 1993 ድረስ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የካህኑም፣ የአናጢውም፣ የአስተማሪውም መኪና እሱ ነበር።

በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና በረዶ ላይ ችግሩ ክብደት ነው። ሞተሩ ፊት ነው፤ ገፊዎቹ ጎማዎች ላይ የተቀመጠው ሸክም ትንሽ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት መኪናው ወደ ኋላ ስለሚጫን ገፊው ጎማ ይጠነክራል። በረዶ ላይ ግን ፈጥኖ መነሣት ስለሌለ ያ ጥቅም የለም። ዳገት ላይ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፤ ኩርባ ላይ ነዳጅ ካበዙበት ደግሞ እንደ ተቆጣ በቅሎ ቂጡን ያዞራል። ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች ክረምት ሲገባ ኮፈኑ ውስጥ፣ በኋላ በኩል፣ የአሸዋ ከረጢት ይጭኑ የነበረው። አሸዋው ሁለት አገልግሎት አለው፤ ይከብዳል፣ ሲያስፈልግም ጎማ ሥር ይበተናል። መኪናው ቂጡን ሲያዞር ደግሞ ፍሬን ሳይረግጡ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅና መሪውን ቂጡ ወደ ሄደበት ማዞር ነው። ስዊድኖች መንጃ ፈቃድ ፈላጊውን ሁሉ በተንሸራታች ሜዳ ላይ ያለማምዱታል፤ ወንድም ጋሼም እንደ ማንኛውም ሰው አልፎበታል።

ክብደቱን በተመለከተ እኛም የምናውቀው ምስክር አለ። የአዲስ አበባ ቮልስ! እሷ ሞተሯም ገፊ ጎማዎቿም ኋላ ናቸው፤ ስለዚህ በረዶ ላይ ትዘልቃለች። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራላት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ዝነኛ ነው፤ በጨለማና በበረዶ መሐል አንዲት ቮልስ ትሄዳለች፣ ሹፌሩ ከእሷ ወርዶ የበረዶ መጥረጊያውን መኪና ያስነሣል። መንገድ ጠራጊው ራሱ ባልተጠረገ መንገድ ወደ ሥራው የሚመጣው በእሷ ነው ማለት ነው። ጎማው ከፊት ይሁን ከኋላ ሳይሆን፣ ሸክሙ የት እንዳለ ነው ወሳኙ።

ዋናው ነገር ግን ጎማው ነው፤ የጎማው ታሪክ ደግሞ የሚነሣው ከፊንላንድ፣ ኖኪያ ከምትባል ከተማ ነው። አዎ፣ ያ ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው የነበረው ስልክ! በ1898 የተመሠረተው የፊንላንድ የጎማ ፋብሪካ፣ በ1967 ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ነው ስልክ ሠሪው ኖኪያ የተወለደው፤ የጎማው ክፍል በ1988 ለብቻው ወጥቷል። ይህ ፋብሪካ በ1934 ለጭነት መኪና የሚሆን የክረምት ጎማ አወጣ፤ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና ሃካፔሊታ ያለውን። ስሙ በሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለስዊድን ንጉሥ ከተዋጉት ከፊንላንድ ፈረሰኞች የተወሰደ ነው፤ የእኛን «በለው!» ከሚመስል ፉከራቸው። የቋንቋ ሰው ነኝና ይቺን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኝ ነበር።

የክረምት ጎማ ከበጋው የሚለየው በጥርሱ መግዘፍ ብቻ አይደለም። ላስቲክ ሲበርደው ይደርቃል። የበጋው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መጠንከር ይጀምራል ይባላል፤ ከዜሮ ወርዶ 15 ሲሆን መንገዱን የሚይዘው እንደ ፕላስቲክ ሳህን ነው። የክረምቱ ላስቲክ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመመ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉበት፤ ጎማው ሲረግጥ ተከፍተው በጠርዛቸው በረዶውን ይነክሳሉ። በ1960ዎቹ የብረት ችንካር የተተከለበትም መጣ። ያኛው ግልጥልጥ ባለ በረዶ ላይ የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን አስፋልት ይፍቃል፣ አቧራ ያነሣል። ጀርመን በ1975 ከልክላዋለች፤ ስቶክሆልምም ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ሆርንስጋታን በሚባለው መንገዷ አግዳዋለች።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። ሰው ይህን ጎማ ሲያገኝ መጀመሪያ ያሰበው ስለ መሄድ ነው። መኪናው ቆሞ ቀረ፣ ገፊውን ጎማ እናልብሰው። አሜሪካ ውስጥ የበረዶ ጎማ ለረጅም ጊዜ በጥንድ በጥንድ ይሸጥ ነበር፤ ሁለቱ ከኋላ ይገባሉ፣ ፊት ያሉት እንደነበሩ ይቀራሉ። የፊት ጎታች መኪና ሲበዛ ደግሞ ሰው ያንኑ ልማድ ገልብጦ ሁለቱን ፊት አደረገ፤ ኩርባ ላይ ኋላው ዞሮ ቀደመው። መኪና የሚሄደው በሁለት ጎማ ይሆናል፤ የሚቆመው ግን በአራቱም ነው። ኩርባውን የሚዞረውም በአራቱ ነው። ከፊት ይጎተት ከኋላ ይገፋ፣ ፍሬን ሲረገጥ ልዩነቱ ወዲያ ነው። አራቱንም የክረምት ጎማ የለበሰ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና፣ የበጋ ጎማ ካደረገው ከፊት ጎታቹ ይልቅ ባለቤቱን በሰላም ቤቱ ያደርሳል። ስዊድኖች ቮልቮን ያን ሁሉ ዘመን የነዱበት ምሥጢር እንግዲህ ሌላ አይደለም።

ይህን ወንድም ጋሼ እዚያው ምድር ቤት፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነው ያስረዳኝ። ጉልበቱን ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና ነገረኝ።

በ1995 መኸር የመጀመሪያ መኪናውን ገዛ፤ ያረጀ ቮልቮ 240። ሌሊት ፅዳት ይሠራል፤ ሥራው ከከተማው ውጭ ነው፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። አራት የክረምት ጎማ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ የሚገዛበት ገንዘብ አጠራቅሞ ነበር። ያን ጊዜ ሕጉ አያስገድድም። እዚያ ብዙ የቆየ አንድ የአገራችን ሰው «ይቺ እኮ በኋላዋ ነው የምትገፋው፤ ሁለቱን ከኋላ ካደረግህላት ይበቃታል» አለው። ገና ደርሶ ነበር። የሁለቱን ጎማ ገንዘብ ወደ እኛ ላከው።

የ1988 ዓ.ም. ገና ትዝ ይለኛል። በግ ታረደ፤ እማዬ አዲስ ነጠላ ለበሰች። እኔ ገና ጀማሪ ረዳት መምህር ነበርኩና ቡናማ የቆዳ ጫማ ገዛሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ተጫምቼ አስተምሬአለሁ።

እሱ ከገና በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጥድ የከበበው መንገድ ላይ አንድ ኩርባ ደረሰ። ኋላው አልከዳውም፤ የክረምት ጎማ ነው፣ ቀጥ አድርጎ ገፋው። መሪውን አዞረ፤ የፊቶቹ ዞሩ፣ መኪናው ግን አልዞረም። ፍሬን ያዘ፤ ያው ነው። በተንሸራታች ሜዳው የተማረው ሁሉ መኪናው ቂጡን ሲያዞር የሚደረገውን ነበር፤ ይኼኛው ቀጥ ብሎ ሄደ። ቦዩን ተሻግሮ ከጥድ ጋር ተላተመ። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ተቀደደ፤ እስከ ዛሬ ደረጃ ሲወርድ ጎን ለጎን ነው። ሁለት ወር ሳይደውልልን ቀርቶ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እኛም አምነን፣ እንዲያውም ትንሽ አኩርፈን ነበር። ፈረንጅ ሆነ ብለን።

«ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ። አልነገርኳትም። አሁን የምጽፈው እሷ ስላረፈች ነው።

ስዊድን የክረምት ጎማን ግዴታ ያደረገችው ከታኅሣሥ 1 ቀን 1999 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ቀን እስከ መጋቢት መጨረሻ መንገዱ የክረምት መንገድ ከሆነ ያለ እሱ መንዳት አይቻልም፤ ጥርሱም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከወንድም ጋሼ ኩርባ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ ማለት ነው። ሕግ አስገድዶት ቢሆን ኖሮ «ሕጉ ነው፤ ዘንድሮ አልላክሁም» ሊለን ይችል ነበር። አሁን ስለዚያ በግ ሳስብ የምቆጨው በዚህ ነው፤ «የለኝም» ለማለት ሰበብ ያጣ ሰው ነበር። እኛም ጎማ ለምኑ ነው ብለን ጠይቀነው አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ራሱ ብዙ ተምሯል። መኪና ሊንሸራተት ሲል የየጎማውን ፍሬን ለየብቻ የሚይዘው ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በ1995 በመርሴዲስ ላይ ወጣ። በ1997 አንድ የስዊድን መጽሔት «አጋዘን መንገድ ላይ ቢገባ» ብሎ በሞከረው ፈተና ትንሿ መርሴዲስ ከተገለበጠች በኋላ ደግሞ ለሌሎችም ተዳረሰ። እሱም ቢሆን የሚያስተካክለው ጎማው የያዘውን ያህል ነው፤ ጎማው ያልያዘውን ከየት ያመጣዋል?

ቮልቮ በ1998 በኋላ ጎማ መግፋቱን ትቶ፣ በ2023 በኤሌክትሪክ መኪናዎቹ እንደገና ተመልሶበታል። የወንድም ጋሼ ልጅ ከእነዚህ አንዱን ገዛች። ባለፈው ገና ሲደውል፣ እሷን ይዞ ጎሚስታ ዘንድ ሲንከራተት እንደዋለ አጫወተኝ።

«ስንቱን አስቀየርክላት?» አልኩት።

«መኪና ስንት ጎማ አለው?» ብሎ ሳቀብኝ።