ዘግይቶ የሚደርስ ፈረስ

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና የያዘ ያንብበው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ የውርርድ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ውስጥ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ፈረሶች ይሮጣሉ። እውነተኛ አይደሉም፤ ኮምፒውተር የፈጠራቸው ናቸው። ውድድሩ ገና ተጀመረ ስትሉ ያልቃል፣ ወዲያው ሌላ ይጀምራል። ከቆሙት ልጆች አንዱ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከሁለት ዓመት በፊት 12ኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው።

"ቲቸር፣ እንዴት ነዎት?" ብሎ ትንሽ አፈር አለ። ማትሪክ እንዳልመጣለት ሰምቼ ነበር። "ድጋሚ አትፈተንም እንዴ?" አልኩት። "ለኔ አልቋል ቲቸር። እኔ እኮ ፈጣን ልጅ አይደለሁም" አለኝ። ዕድሜው 20 ነው! ከዚያ ወሬ ለማስቀየስ መሰለኝ፣ ወደ ስክሪኑ እያየ "እውነተኛው የፈረስ ውድድር ግን እንዲህ ያጥራል?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ፈረስ ታሪክ ማንበብ እንደምወድ አያውቅም። ዝናቡ አባራ፣ በቅጡ ሳልመልስለት ተለያየን። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን እስከ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ መሄድ አለብን።

ሁሉም ውድድር አያጥርም። በሜልቦርን ከተማ ፍሌሚንግተን በሚባል ሜዳ ከ1861 ጀምሮ በየዓመቱ "ሜልቦርን ካፕ" የሚባል ውድድር ይካሄዳል። ዛሬ በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው የሚሮጠው። ርቀቱ ድሮ 2 ማይል ነበር፣ ከ1972 ወዲህ 3,200 ሜትር። የሚሮጡት "ቶሮብሬድ" የሚባሉት ለእሽቅድምድም ብቻ ተመርጠው የተዳቀሉ ፈረሶች ናቸው። 3,200 ሜትር ሽምጥ ለሚጋልብ ፈረስ ከሦስት ደቂቃ በላይ ነው። እዚያ ላይ ፍጥነት ብቻውን አያዋጣም። ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ ጠንካራ አጥንት ያስፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉልበትን ቆጥቦ ማቆየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ እነሱ "ስቴየር" ይሉታል። እኛ "ጽኑ" ብንለው ያስኬዳል።

ከጽኑዎቹ ሁሉ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ካርባይን ነው። በ1885 ኒውዚላንድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ መስኬት ይባል ነበር። አባትም ልጅም የጠመንጃ ስም ነው የተሰጣቸው። (እኛ ጀግናውን በፈረሱ ስም "አባ እንትና" ብለን እንጠራለን፣ እነሱ ደግሞ ፈረሱን በጠመንጃ።) ካርባይን 43 ጊዜ ሮጦ 33 ጊዜ አሸነፈ። ከሦስተኛ በታች የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በ1890 ሜልቦርን ካፕ ላይ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ይወራል። በዚህ ውድድር ጎበዝ የተባለ ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ይጫንበታል፣ ደካማው ይቀልለታል። በካርባይን ላይ 66 ኪሎ ግድም ተጫነ። ሁለተኛ የወጣው ሃይቦርን የተሸከመው 42 ኪሎ ገደማ ነበር። አስቡት፤ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ ግማሽ የሚጠጋ ልዩነት ማለት እኮ ነው! 39 ፈረሶች ተሰልፈው ካርባይን ቀደመ። በ1895 እንግሊዝ አገር ላለ መስፍን በ13,000 ጊኒ ተሸጦ ሄደ። ይቺን ሽያጭ ያዙልኝ፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ፋር ላፕ ነው። እሱም የኒውዚላንድ ልጅ፣ በ1926 ቲማሩ አካባቢ የተወለደ። ሃሪ ቴልፎርድ የሚባል ገንዘብ ያጠረው አሠልጣኝ የዘር ሐረጉን መዝገብ ላይ አይቶ ወደደውና ዴቪድ ዴቪስ የሚባለውን ባለሀብት አግባብቶ በ160 ጊኒ አስገዛው። ፈረሱ በመርከብ ሲድኒ ሲደርስ ባለቤቱ ቅር አለው። ቀጫጫ፣ ረጃጅም እግር ያለው፣ ዓይን የማይሞላ ነበር። "ለዚህስ የሥልጠና አልከፍልም" አለ። ቴልፎርድ በራሱ ወጪ ሊያሠለጥነው ለሦስት ዓመት ተከራየው።

የመጀመሪያ ውድድሩን መጨረሻ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ አራት ውድድሮቹ ላይ ከሦስቱ ውስጥ አልገባም። በአምስተኛው አሸነፈ። ሰው እዚያ ላይ "ይሄስ አይረባም" ብሎ ቢጥለው ኖሮ ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር። ቴልፎርድ ግን አሸዋ ኮረብታ ላይ እያሮጠ ጠበቀው። በመጨረሻ 51 ጊዜ ሮጦ 37 ጊዜ አሸነፈ።

ኅዳር 1930ን ብቻ ተመልከቱ። ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች በመኪና ሆነው ተኮሱበት፣ ሳቱት። ያንኑ ቀን ከሰዓት ሮጦ አሸነፈ። ማክሰኞ ሜልቦርን ካፕን አሸነፈ። ሐሙስ አሸነፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሸነፈ። በስምንት ቀን አራት ድል! በ1932 እስከ ሜክሲኮ ተወስዶ አጉዋ ካሊየንቴ የሚባለውን ትልቅ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ካሊፎርኒያ ውስጥ በድንገት ሞተ። ልቡ ሲመዘን 6.2 ኪሎ ሆነ። ልቡ ዛሬ ካንቤራ ሙዚየም፣ ቆዳው ሜልቦርን ሙዚየም፣ አጽሙ ኒውዚላንድ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሁለት አገር ተካፍሎታል።

ፋር ላፕ ግን ልጅ አልነበረውም። የተኮላሸ ሰንጋ ነበር። ከታላላቆቹ የረጅም ርቀት ፈረሶች ብዙዎቹ እንደሱ ሰንጋ ናቸው። ዘግይተው ነው ማንነታቸው የሚታወቀው፣ ሲታወቅ ደግሞ ዘር ለማስቀረት ጊዜው አልፏል። ቶሎ የታየው ይወልዳል፣ ዘግይቶ የታየው መክኖ ይቀራል። የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

በ1957 ሲድኒ ውስጥ "ጎልደን ስሊፐር" የሚባል ውድድር ተጀመረ። ርቀቱ 1,200 ሜትር፣ የሚሮጡት የሁለት ዓመት ፈረሶች ብቻ። የመጀመሪያውን ቶድማን በስምንት ፈረስ ርዝመት አሸነፈ። ቶድማንን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመት ያሸነፉት ሁሉ የአንድ ድንጉላ ልጆች ናቸው፤ ከእንግሊዝ የመጣው ስታር ኪንግደም። ገበያው ትምህርቱን ቶሎ ያዘ። ውርንጭላ በአንድ ዓመቱ በጨረታ ይሸጣል። ገዢው በሁለት ዓመቱ ካሮጠው ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል። ጽኑውን ፈረስ ግን እስኪበስል አራትና አምስት ዓመት መቀለብ፣ አሠልጣኝ መክፈል፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ማን ይጠብቃል? ከ2017 ጀምሮ ደግሞ "ዘ ኤቨረስት" የሚባል የ1,200 ሜትር ውድድር በ10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተጀመረ። በመጀመሪያ ዓመቱ ከሜልቦርን ካፕ ሽልማት በለጠ።

ኒውዚላንድ ግን ቆየች። ሣሯ ለምለም ነው፣ ለልጅ ፈረስ የሚከፈለው ሽልማት ደግሞ እንደ አውስትራሊያ አያጓጓም። ስለዚህ ብዙ ፈረስ ኮረብታ ላይ እየጋጠ በጊዜው አደገ። በ1983 ያሸነፈውን ኪዊን ውሰዱ። ባለቤቶቹ ገበሬዎች ናቸው፣ በ1,000 ዶላር ነው የገዙት፣ እርሻ ላይ በግ ያግዱበት ነበር። የስድስት ዓመት ፈረስ ሆኖ ሜልቦርን ሄደ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከኋላ ነበር። ከዚያ ሁሉንም አልፎ ገባ። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" እንላለን አይደል? ኪዊ አደረሰ።

በ1976 ፓትሪክ ሆጋን የሚባል ሰው ከአውሮፓ ሰር ትሪስትራም የሚባል ድንጉላ ወደ ኒውዚላንድ አመጣ። በሩጫ ዘመኑ ያን ያህል ዝና አልነበረውም። ልጆቹ ግን ሜልቦርን ካፕን ሦስት ጊዜ አሸነፉ። የሱ ልጅ ዛቢል ደግሞ በተራው ሦስት የካፕ አሸናፊዎችን ወለደ።

ያም ሆኖ ነገሩ ተለወጠ። በ1993 ቪንቴጅ ክሮፕ ከአየርላንድ መጥቶ ዋንጫውን ወሰደ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ሠልጥኖ መጥቶ ያሸነፈ የመጀመሪያው ነው። በሩ ተከፈተ። ከ2010 እስከ 2024 ከተካሄዱት 15 ካፖች 11ዱን ያሸነፉት በአውሮፓና በአሜሪካ የተወለዱ ፈረሶች ናቸው። የአውስትራሊያ ሀብታሞች የገዛ አገራቸውን ዋንጫ ለማሸነፍ ጽኑ ፈረስ ከውጭ መግዛት ያዙ።

እንግዲህ ብዙ ሰው "ደሙ አልቆ ነው" ይላል። እኔ ግን አልስማማም። ካርባይንን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። እንግሊዝ ሄዶ ስፒርሚንት የሚባል ልጅ ወለደ፣ ይሄ ልጅ በ1906 የእንግሊዝን ደርቢ አሸነፈ። ስፒርሚንት ካትኒፕን ወለደ፣ ካትኒፕ ኖጋራን ወለደች፣ ኖጋራ በ1935 ጣሊያን ውስጥ ኔርኮን ወለደች። የኔርኮ የልጅ ልጅ ካናዳዊው ኖርዘርን ዳንሰር ነው። የሱ ልጅ ዳንዚግ፣ የዳንዚግ ልጅ ዴንሂል። ይሄ ዴንሂል ከ1990 ጀምሮ ወደ አውስትራሊያ እየተመላለሰ አገሩን በፈጣን ልጆች የሞላው ድንጉላ ነው። አያችሁት? የአጭር ርቀት አባት የተባለው ራሱ የካርባይን ደም አለበት። ደሙ ዓለምን ዞሮ ተመልሷል። የጠፋው የሚጠብቅ ሰው ነው።

ማስረጃ ካላችሁ፣ በ2024 ያሸነፈው ናይትስ ቾይስ አውስትራሊያ ውስጥ የተወለደ ነው፣ አባቱ ደግሞ በሁለት ዓመቱ 1,200 ሜትር ያሸነፈ የለየለት የአጭር ርቀት ፈረስ። ልጁ በአምስት ዓመቱ 3,200 ሜትር ቻለ። በ2015 ያሸነፈው የኒውዚላንዱ ፕሪንስ ኦፍ ፔንዛንስም ከአንድ ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ፈረስ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው። ግምቱ 100 ለ 1 ነበር። የጋለበችው ሚሼል ፔይን ካፑን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ተሰብሮ መዳንም ጊዜ ይፈልጋል።

የድሮውን ሁሉ ወርቅ ነው እያልኩ አይደለም። ፋር ላፕን በስምንት ቀን አራቴ ማሮጥ ዛሬ ጭካኔ ነው የሚባለው። በ1931 68 ኪሎ ጭነውበት ስምንተኛ ወጣ፤ ጽናት አለው ተብሎ ብቻ የማይቻል ሸክም ጫኑበት። በ2020 ደግሞ የእንግሊዝን ደርቢ ያሸነፈው አንተኒ ቫን ዳይክ ካፑ ላይ እግሩ ተሰብሮ ሞተ። ከዚያ በኋላ የፈረሶቹን አጥንት በራጅ የመመርመሩ ሕግ ጠበቀ። መጠበቅ ማለት መጫን አይደለም። መምህራንና ወላጆች፣ ይቺ ለኛም ናት።

ልሰናበታችሁ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 እዚያው ሜልቦርን ላይ ነው። የዚያን ዓመት የፈረስ ውድድሮች ግን ሜልቦርን አልተካሄዱም። አውስትራሊያ በኳራንቲን ሕጓ ምክንያት የውጭ ፈረስ ስለማታስገባ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ላይ ተደረጉ። ሜልቦርን ከሄዱት ሯጮቻችን አንዱ ማሞ ወልዴ ነበር። 800 እና 1,500 ሜትር ሮጠ፣ ማጣሪያውንም አላለፈም። ያኔ "ፈጣን አይደለም" ብሎ የፈረደበት ሰው አይጠፋም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1968 ሜክሲኮ ላይ፣ በ36 ዓመቱ ማራቶን አሸነፈ። በአርባ ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ። ሰውየው ያው ሰው ነው። ርቀቱ ነው የተለየው።

አንተ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ፦ ያ ስክሪን ላይ ያየኸው ውድድር ለኮምፒውተር የተሠራ ነው። እውነተኛው ይረዝማል። ፈጣን ልጅ አይደለሁም ያልከኝን አምኜሃለሁ፣ አራት ዓመት አይቼሃለሁና። ግን የቤት ሥራህን አንድ ቀን ሳታመጣ ቀርተህ አታውቅም። እሱንም አይቻለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ክፍል ነኝ። የድሮ ፈተናዎች አሉኝ። ና።

መልካም ሳምንት ለሁላችሁም።