መሬት ላራሹ፣ በምዕራብ ካናዳ

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲተሙ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ ይኸው ጥያቄ በሕግ ከተመለሰ ዘጠና ዓመት አልፎት ነበር። ቢያንስ በወረቀት ላይ። የምናወራው ስለ ምዕራብ ካናዳ፣ ማኒቶባ፣ ሳስካችዋንና አልበርታ ስለሚባሉት የስንዴ አገሮች ነው። «ካልጋሪ አጎት አለኝ፣ ኤድመንተን እህት አለችኝ» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም፤ ስለ ብርዱም ስለ ደመወዙም እንሰማለን። መሬቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዴት እንደ ዞረ ግን ሲነገር አንሰማም። እስቲ እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ 10 ዶላር ከፍሎ 160 ኤከር እንዲመዘገብ ፈቀደ። ሦስት ዓመት ኖሮበት፣ ቤት ሠርቶበትና አርሶት ከተገኘ ርስቱ ይሆናል። 160 ኤከር ማለት ወደ 65 ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው! የእኛው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳልፈቀደ የሚያስታውስ ሰው በካናዳው ቸርነት ቢገረም አይፈረድበትም። ሴት ግን እንደ መበለት ያለች የቤተሰብ ኃላፊ ካልሆነች በቀር ድርሻ አልነበራትም።

ደግሞስ ማረሻ ያልጨበጡት ምን አገኙ? ሀድሰን ቤይ የሚባለው የቆዳ ነጋዴ ኩባንያ በ1870 ግዛቱን ለካናዳ ሲያስረክብ 300,000 ፓውንድና ከለሙ መሬት ሃያ አንድ እጁን ወሰደ። የፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ደግሞ 25 ሚሊዮን ዶላርና 25 ሚሊዮን ኤከር ተቆረጠለት። እንግዲህ አራሹ ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ቢሆንም የመጣው ድሃ እውነተኛ ድሃ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ 170,000 የሚጠጉ ዩክሬናውያን ገብተዋል። አብዛኞቹ የተነሡት ከጋሊሺያ ነው። እዚያ ገባርነት በ1848 ቢሰረዝም ደኑ በባላባቱ እጅ ስለ ቀረ፣ ገበሬው ለማገዶ እንኳ የጌታውን ፊት ማየት ነበረበት። ስለዚህ ካናዳ ሲደርሱ ሜዳውን ትተው፣ አፈሩ ቢከፋም ዛፍ ያለበትን መረጡ። የጭሰኛ ልጅ ይኸ ምርጫ ይገባዋል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ የሰፈሩት ደግሞ ሣሩን ከነሥሩ በማረሻ እየገለበጡ እንደ ጡብ ደርድረው ቤት ሠሩ። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል፤ በክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ይደርሳል፤ ጎረቤት ሩቅ ነው። ከተመዘገቡት ከአሥሩ አራቱ ያህል ርስቱን ሳያገኙ ለቀው ሄደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከ1871 እስከ 1877 መንግሥት ከክሪና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች ጋር ሰባት ውል ተፈራረመ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ መሬታቸውን ለዘለዓለም እንደ ለቀቁ ይናገራል። የነባሮቹ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው ተቀብለው የሚተርኩት ግን ሌላ ነው፤ የተስማማነው ማረሻ የሚደርስበትን ያህል ጥልቀት ለመጋራት ነው ይላሉ። ይኸን የቃል ታሪክ ከጽሑፉ አሳንሶ ማየት ለእኛ አይገባም፤ የእኛም ርስት ሲወርድ የኖረው በአብዛኛው በአፍ ነውና። በውሎቹ የተቆረጠው ዓመታዊ ክፍያ በነፍስ ወከፍ 5 ዶላር ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ያው 5 ዶላር ነው።

ወዲያው የዱር ጎሹ አለቀ፤ ረሀብ ገባ። መንግሥት የርዳታውን እህል ይዞ ወደተከለለላችሁ ቦታ ግቡ አላቸው። ገቡ። ማረስ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ከነጭ ጎረቤታቸው ጋር እስከ መወዳደር ደረሱ። ታዲያ በ1889 ምን መጣ? ሄይተር ሪድ የተባለው የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ሹም፣ ነባሩ ገበሬ በማሽን እንዳይሠራ አዘዘ። በእጅ ይዝራ፣ በማጭድ ይጨድ፣ በዱላ ይውቃ፣ በእጅ ወፍጮ ይፍጭ ተባለ። ምክንያቱ ከአረመኔነት ወደ ሥልጣኔ በአንድ ጊዜ መዝለል አይቻልም የሚል ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ነጩ በማሽን ሲያጭድ፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ሰብሉ ሲበሰብስ ይመለከታል። ያመረተውን ለመሸጥ ከሹሙ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከ1885ቱ አመፅ በኋላ ከክልሉ ለመውጣትም የይለፍ ወረቀት ተጠየቀ፤ ይለፉ በሕግ ያልተጻፈ ነበር፤ ሆኖም ለአሥርት ዓመታት ሠራ። አመፁን የመራው ሉዊ ሪየል ኅዳር 16 ቀን ተሰቀለ፤ የባቡሩ ሐዲድ የመጨረሻ ችንካር ከተመታ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነባሮቹ ማረስ አይወዱም፣ መሬት ይተርፋቸዋል ተብሎ ከተከለለላቸውም ብዙ ተሸጠ።

ሌላም አለ። ኦክላሆማ በ1907 ክፍለ ግዛት ሆና ጥቁሮችን የሚለይ ሕግ ስታወጣ፣ ከሺህ የሚበልጡ ጥቁር ገበሬዎች የካናዳን የመሬት ማስታወቂያ አምነው ወደ ሰሜን መጡ። በኤድመንተን ይከልከሉ የሚል ፊርማ ተሰበሰበ። ነሐሴ 12 ቀን 1911 የሚኒስትሮች ጉባኤ ጥቁሮች ለአገሩ አየር አይስማሙም በማለት ለአንድ ዓመት እንዳይገቡ ወሰነ። ትእዛዙ ሥራ ላይ ሳይውል በዚያው ዓመት ተሰረዘ፤ ቀድሞውንም ወኪሎች እየተላኩ፣ ጥቁሮቹን ባሉበት ተስፋ ሲያስቆርጡ ነበርና አላስፈለገም። አስቀድመው የገቡት ከኤድመንተን በስተሰሜን፣ ኋላ አምበር ቫሊ በተባለው ረግረጋማ ደን ውስጥ ሰፈሩ። ዛፉን በመጥረቢያ መነጠሩ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ በአካባቢው ስሙ የታወቀ የቤዝቦል ቡድንም አቋቋሙ። አየሩ አልገደላቸውም።