የአየር ሁኔታ እንግሊዝኛ፦ «ይዘንባል» እና «ሊዘንብ ይችላል» የሚለያዩበት ቦታ

ሰኔ በገባ ቁጥር በፎገራ ሜዳ ሁለት ዓይነት ትንበያ ጎን ለጎን ይሰማል። አንደኛው የዓይንና የልምድ ነው፤ ከጣራ ገዳም ደን በላይ የሚጠቁረው ደመና፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የማለዳው ሙቀት ይነበባል። ሁለተኛው በእጅ ስልክ የሚመጣው ሲሆን ቋንቋው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። በቤቱ እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ካለ ስልኩ ለእርሱ ይሰጠዋል፤ አባትም «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው «ሬይን» የሚለውን ቃል ፈልጎ ካገኘ በኋላ «ነገ ይዘንባል» ብሎ ሲመልስ፣ ከዚያ ቃል በፊት የቆመችውን «ሜይ» የምትል አጭር ቃል ዘሏት ሊሆን ይችላል። ትንበያው ያለው «ሊዘንብ ይችላል» ነበር። ዘር መበተን፣ ማዳበሪያ መጨመር፣ የደረሰ ሩዝ አጭዶ መከመር የሚወሰነው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

የእንግሊዝኛ ትንበያ ክብደቱን የሚሸከመው ከግሡ በፊት በሚመጣው ረዳት ቃል ነው። «ኢት ዊል ሬይን» ያለ ተንባይ «ይዘንባል» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። «ኢት ኢዝ ጎዪንግ ቱ ሬይን» ምልክቱ አሁን እየታየ መሆኑን ይጨምራል፤ ደመናው ከብዶ ነፋስ ሲነሣ «ሊዘንብ ነው» እንደሚባለው ማለት ነው። «ኢት ኢዝ ላይክሊ ቱ ሬይን» ወደ «ሳይዘንብ አይቀርም» ይጠጋል። «ሜይ» እና «ማይት» ደግሞ «ሊዘንብ ይችላል» ወይም «ይዘንብ ይሆናል» ናቸው። አማርኛ እነዚህን ደረጃዎች ሁሉ ስለያዘ ችግሩ የቃላት እጥረት አይደለም። አማርኛ ደረጃውን በግሡ ቅርጽና ከግሡ በኋላ በሚመጣ ቃል ያሳያል፤ እንግሊዝኛ ግን አስቀድሞ ይናገረዋል። መጨረሻውን ማድመጥ የለመደ ጆሮ መጀመሪያውን ሊያልፈው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይንቲስቶች ለእነዚህ ቃላት ቁጥር እስከ መስጠት ደርሰዋል። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በሪፖርቶቹ «ላይክሊ» የሚለውን ከ66 በመቶ በላይ ለሆነ ዕድል፣ «ቬሪ ላይክሊ» የሚለውን ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ለሆነ ዕድል ይጠቀምባቸዋል። በስልክ ላይ የሚታየው «ቻንስ ኦፍ ሬይን 40 ፐርሰንት» ዝናቡ የቀኑን 40 በመቶ ይቆያል ማለት አይደለም፤ የዝናቡንም መጠን አይናገርም። ትርጉሙ እንዲህ ያለ ሁኔታ ከታየባቸው አሥር ቀናት በአራቱ ያህል ዝናብ ይጥላል፣ በስድስቱ አይጥልም ማለት ነው።

ሰው ስለ ራሱ ዕቅድ ሲናገርም እነዚሁ ረዳት ቃላት ይመለሳሉ። «አይ አም ጎዪንግ ቱ ፕላንት ራይስ» የሚለው አስቀድሞ የታሰበን ነገር ስለሚገልጽ «ሩዝ ልዘራ አስቤያለሁ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። «አይ አም ፕላንቲንግ ራይስ ኦን መንዴይ» ግን ቀን የተቆረጠለት ነው፤ ደቦው ተጠርቷል፣ ዘሩ ተዘጋጅቷል። «አይ ዊል ፕላንት ቱሞሮው» ብዙ ጊዜ በንግግሩ መካከል የተወለደ ውሳኔ ነው፤ «እንግዲያውስ ነገ እዘራለሁ» እንደ ማለት። በወረታ ገበያ «እግዚአብሔር ካለ» ወይም «ኢንሻ አላህ» ሳይታከልበት የነገ ዕቅድ እምብዛም አይነገርም። እንግሊዝኛ ለዚህ የተለየ ሰዋስው የለውም፤ «ኢፍ ኦል ጎዝ ዌል» በሚል ሐረግ ይወጣዋል።

ዝናብና ዕቅድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ ስሕተት ይበዛል። ትክክለኛው «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ፕላንት» ነው። ከ«ኢፍ» በኋላ «ዊል» አይገባም፤ ጉዳዩ የወደፊት ቢሆንም ግሡ በአሁን ጊዜ ይቆማል። አማርኛ ደግሞ «ከዘነበ እዘራለሁ» ሲል ኃላፊ ጊዜ የሚመስል ግሥ ስለሚጠቀም፣ ተማሪው በዚያው ልማድ «ኢፍ ኢት ሬይንድ» ብሎ እንዲጽፍ ይፈተናል። ይህ ግን ለእንግሊዝኛ ሰሚ ዝናቡ የማይጠበቅ፣ እንዲያው ለምኞት የተነገረ ያስመስለዋል።

ስለ ስሞቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ካፊያ «ድሪዝል»፣ ዶፍ «ዳውንፖር»፣ ነጎድጓድ «ተንደር»፣ መብረቅ «ላይትኒንግ»፣ ጉም «ፎግ»፣ ውርጭ «ፍሮስት» ነው። ጥንቃቄ የሚሻው «በረዶ» ነው። አማርኛ በአንድ ስም የሚጠራውን እንግሊዝኛ ለሦስት ይከፍለዋል፤ ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚመታው «ሄይል»፣ እንደ ጥጥ የሚወርደው «ስኖው»፣ ረግቶ የጠጠረው ውኃ ደግሞ «አይስ» ይባላል። አርሶ አደሩ በሰብሉ ላይ የሚፈራው «ሄይል»ን ነው።

ከሁሉ የሚያደናግረው የወቅቶች ስም ነው። በአውሮፓ «ሰመር» ሞቃቱና ፀሐያማው ወቅት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ያን ጊዜ ክረምት ነው። አንዳንድ መዝገበ ቃላት «ዊንተር»ን «ክረምት» ብለው ሲተረጉሙ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራን በክረምት የሚሰጡት ትምህርት በተለምዶ «ሰመር» ይባላል። ተማሪው ሁለቱንም ሰምቶ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የተሻለው መንገድ ስሙን ትቶ ወራቱን መያዝ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የአሁኑ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን ለሦስት ይከፍላል፤ በጋ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ፣ በልግ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ፣ ክረምት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ክረምት ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 አካባቢ ይሆናል። በባሕረ ሐሳብ ግን ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው። ስለዚህ «የክረምቱ ዝናብ ቀድሞ ይገባል» የሚል ትንበያ ሲነበብ «ከየትኛው ክረምት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በሁለቱ መካከል አንድ ወር ያህል አለና።

የወቅት ትንበያ «አቦቭ ኖርማል»፣ «ኒር ኖርማል» እና «ቢሎው ኖርማል» በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ይሰጣል፤ በአማርኛ «ከመደበኛ በላይ»፣ «ለመደበኛ የቀረበ» እና «ከመደበኛ በታች» ይባላሉ። «ኖርማል» ጥሩ ወይም በቂ ማለት አይደለም፤ የ30 ዓመታት መዝገብ የሚያሳየው የአካባቢው ልማድ ነው። ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ከተባለም፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደረጃዎች በአንድነት 55 በመቶ ይዘዋል።

በሜትሮሎጂ መግለጫ የሚገኘው «ዲኬድ» አሥር ቀን እንጂ በትምህርት ቤት እንደሚታወቀው አሥር ዓመት አይደለም። «ኦንሴት» የዝናቡ አገባብ፣ «ሴሴሽን» አወጣጡ፣ «ድራይ ስፔል» በመካከል ዝናብ የሚቋረጥባቸው ቀናት ናቸው። ስልኩ «3 ፒ.ኤም.» ሲል ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። «20 ሚሊ ሜትር» ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 50 ሺህ ሊትር ውኃ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 250 በርሜል ይወርዳል።

ለፎገራ ሰው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ከሌሎቹ ይከብዳሉ፤ «ዋች» እና «ዋርኒንግ»። በአማርኛ ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» እየተባሉ ሊተረጎሙ ይችላሉ። በአሜሪካ የአየር ትንበያ አጠቃቀም ግን «ፍለድ ዋች» ለጎርፍ የሚያመች ሁኔታ አለ፣ ነቅታችሁ ጠብቁ ማለት ሲሆን፣ «ፍለድ ዋርኒንግ» ጎርፉ ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው፣ ተነሡ ማለት ነው። የመጀመሪያው እህልን ከፍ ወዳለ ቦታ ለማውጣትና ከብትን ለማሸሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የሚሰጠው ጊዜ ሰውን ለማውጣት የሚበቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን የመታውን ጎርፍ የሚያስታውሱ ቤተሰቦች ይህን ልዩነት ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አይሹም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ርብና ጉማራ ውኃቸውን የሚያመጡት ከጉና ተራራ አካባቢ ነው፤ በወረታ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዞቹ ሊሞሉ ይችላሉ። ስልኩ «ወረታ» ተብሎ ሲጠየቅ «ነገ ፀሐይ ነው» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ወንዙ ግን ምንም አልተናገረም። በክረምት ትንበያ የሚያነብ ተማሪ ከወረታ ቀጥሎ ደብረ ታቦርንም ቢፈልግ፣ በዚያ «ሄቪ ሬይን» የሚለውን ካገኘም ከፊቱ «ዊል» ይሁን «ሜይ» አይቶ ለቤተሰቡ ቢነግር፣ አባት በወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ነገ ሊሠራበት ወይስ ሊጠብቅ እንደሚገባው ያውቃል።