የድሮውን ስፒከር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ የሆነ ትልቅ የእንጨት ስፒከር አላችሁ? በደንብ የተሠራ ከሆነ ዛሬም ከብዙ ርካሽ ሳውንድ ባር የተሻለ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል። ስፒከር እንደ ስልክ ቶሎ አያረጅም። ማግኔት፣ የመዳብ ጥቅልልና አየር የሚገፋ ኮን፣ አሠራሩ ያው የድሮው ነው። ጄቢኤል እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውን ኤል100 በ2018 መልኩን ጠብቆ እንደገና ለገበያ ያቀረበው ዝም ብሎ አይደለም።

ግን ዝም ብላችሁ አትሰኩት። ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ፦

1. ሰውነቱን መርምሩ
የፊቱን ጨርቅ አንሱና የኮኑን ዙሪያ እዩ። ቀለበቱ ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ብዛት ይፈረፍራል፤ ጎማና ጨርቅ ግን ብዙ ይቆያሉ። ቀለበቱ ብቻ ስለሚቀየር ስፒከሩ ሞተ ማለት አይደለም። ኮኑን በሁለት ጣት ከግራና ከቀኝ እኩል ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ የመፋቅ ድምፅ ካለ ጥቅልሉ እየታከከ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ከደበዘዘ ደግሞ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ደርቆ ሊሆን ይችላል። እሱም ይቀየራል።

2. ኦሙን እወቁ
ጀርባው ላይ 4፣ 8 ወይም 16 ኦም ተብሎ ይጻፋል። ካልተጻፈ በቴስተር ለኩ። 8 ኦም የሆነው ወደ 6 ገደማ ያሳያል፤ ይሄ ብልሽት አይደለም። ዋናው አደጋ እዚህ ጋ ነው፦ ሁለት 4 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን በአንድ ቻናል ላይ ካሰራችሁ 2 ኦም ይሆናል፣ ብዙ አምፕሊፋየር ይህን አይችልም፣ ይቃጠላል።

3. አምፕሊፋየር ያስፈልጋል
እነዚህ ስፒከሮች በቀጥታ ቲቪ ላይም ስልክ ላይም አይሰኩም። ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ ብሉቱዝ ያለው ትንሽ ስቴሪዮ አምፕ ይበቃል። ለፊልም የኤቪ ሪሲቨር ይሻላል (የዲሹ ሪሲቨር አይደለም)፤ ከቲቪው ጋር በኤችዲኤምአይ አርክ ወይም በኦፕቲካል ገመድ ይገናኛል። ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ከላከላችሁ ቮልቴጁን እዩ፤ 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እኛ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። ስፒከሩ ራሱ ግን ይህ ችግር የለበትም።

4. ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ
ስፒከሩን ከአምፑ ነቅላችሁ 1.5 ቮልት የሪሞት ድንጋይ በሽቦ ለአፍታ ብቻ አስነኩት። ፖዘቲቩ ቀዩን ሲነካ ትልቁ ኮን ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ስፒከር ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ ቤዙ ይጠፋል፤ የአንዱን ሽቦ አገላብጡ። ብዙ የድሮ ጄቢኤሎች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ በተቃራኒው ስለሚሄዱ አትደንግጡ፤ ዋናው ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው።

5. ለፊልም ሲሆን
ሁለቱን ከቲቪው ግራና ቀኝ አስቀምጡ። መሃል ላይ የማይመሳሰል ስፒከር ከመጨመር፣ ሪሲቨሩ ላይ የመሃሉን "የለም" ብትሉት ይሻላል፤ ንግግሩን ለሁለቱ ያካፍለዋል፣ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ከመሃል የመጣ ይመስላል። ሳብዉፈር ካላችሁ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሱ ስጡት። የፊልም ፍንዳታ የድሮውን ኮን አይጎዳውም።

ስንት ዋት ይበቃል? እሱን የሚወስነው የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ነው። 90 ዴሲቤል የሆነው ከ87ቱ ጋር እኩል ለመጮህ ግማሽ ዋት ይበቃዋል።

በመጨረሻም ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ወዲያው ቀንሱ። አቅሙ ያለቀበት ትንሽ አምፕም ትዊተር ያቃጥላል፤ የድሮ ትዊተር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ቤቱ እንዲህ ያለ ስፒከር ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።