በረሃው ሲያብብ፦ የአታካማ አበቦች፣ የዝናብ ታሪክና «ተአምር» የሚለው ቃል



በ2008 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ በቺሊ ስለሚገኘው ስለ አታካማ በረሃ ሳስተምር አንድ ፎቶግራፍ ለክፍሉ አሳየሁ። በዓለም ላይ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ስፍራዎች አንዱ የሆነው ምድር ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ ሐምራዊ አበባ ለብሶ ይታያል። ተማሪዎቹ ተደነቁ፤ እኔም «የተፈጥሮ ተአምር ነው» አልኳቸው። ቤተሰቦቹ በዚያ ዓመት ድርቅ በመታው አካባቢ ይኖሩ የነበሩ አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይህ የእኛ ዝናብ ይሆን እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ የአደይ አበባ አገር ልጆች ነን። አደይ ቀን ቆጥራ፣ ክረምቱን ተከትላ በመስከረም ትመጣለች። የአታካማ አበባም ሲመጣ የሚፈካው በአብዛኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ነው፤ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ያ ወቅት ጸደይ ነውና። ልዩነቱ የአታካማው አበባ ቀን የማይቆጥር መሆኑ ነው። በርካታ ዓመታት ሳይታይ ይቀርና በቂ ዝናብ በጣለበት ዓመት ብቻ ይከሰታል። ቺሊያውያን «ዴሲየርቶ ፍሎሪዶ»፣ ማለትም «ያበበው በረሃ» ይሉታል። በቫዬናርና በኮፒያፖ ከተሞች ዙሪያ ከ200 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች በዚህ ክስተት ይታያሉ። ሕዝቡም ለአበቦቹ ከአካባቢው የወጡ ስሞች ሰጥቷቸዋል፤ የግመል ዘመድ በሆነው እንስሳ ስም «የጓናኮ እግር» የሚባል አለ፤ «የአንበሳ ጥፍር» የሚባልም አለ።

ለመሆኑ እነዚህ አበቦች ከየት ይመጣሉ? ከየትም አይመጡም፤ ቀድሞውንም እዚያው ናቸው። ገሚሶቹ በዘር፣ ገሚሶቹ እንደ ሽንኩርት ባለ ኮረት በአፈር ውስጥ ተቀብረው ዓመታትን ያሳልፋሉ። የብዙ የበረሃ ተክሎች ዘር እንዳይበቅል የሚያግድ ንጥረ ነገር በሽፋኑ ላይ ይይዛል። ካፊያ ይህን ንጥረ ነገር አጥቦ አይጨርሰውም፤ ዘሩን የሚቀሰቅሰው ጠገብ ያለ ዝናብ ነው። ከበቀሉትም ሌላ፣ ለሚቀጥለው ዕድል በአፈር ውስጥ የሚቆይ ዘር ይኖራል። ስለዚህ በረሃው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ የሚጠብቅ ነበር እንጂ።

ለታሪክ ተማሪ ቁም ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በስፔን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ይህ ምድር በሰነዶች ላይ የሚጠራው «ዴስፖብላዶ»፣ «ሰው አልባ» እየተባለ ነበር። ስሙ የተሰጠው አቋርጠው በሚያልፉ ሰዎች ዐይን ነው። ጥቂት ቆም ብለው ያዩት ግን ሌላ ነገር መዝግበዋል። ቻርልስ ዳርዊን በ1835 ከበረሃው ደቡባዊ ጫፍ ባለችው በኮኪምቦ ሳለ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ቀላል ዝናብ ጣለ። ከ10 ቀናት ያህል በኋላ ራቁታቸውን የነበሩት ኮረብታዎች እንደ ፀጉር በቀጠነ ሣር እዚህም እዚያም አረንጓዴ መልክ መያዛቸውን በጉዞ ማስታወሻው አሰፈረ። ትውልደ ጀርመናዊው ሩዶልፎ ፊሊፒ ደግሞ በቺሊ መንግሥት ተልኮ በ1853 መጨረሻና በ1854 መጀመሪያ በረሃውን ተጓዘ። ወቅቱ በጋ ነበር፤ የአበባ ጊዜ አልነበረም። ይሁንና በ1860 ባሳተመው ሥራ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዕፅዋት ዓይነቶችን ዘረዘረ። «ሰው አልባ» የተባለው ምድር ለተመለከተው ሁሉ ምላሽ ነበረው።

አሁን ወደ 2015 ልመለስ። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር መጨረሻ በአታካማ ክልል ከባድ ዝናብ ጣለ። በኮፒያፖና በቻኛራል ጎርፍና ጭቃ ቤቶችን ጠራርጎ ወሰደ፤ ከ25 በላይ ሰዎች ሞቱ። በስተኋላም ተጨማሪ ዝናብ ዘነበ። በጸደዩ ከ1997 ወዲህ ያልታየ ነው የተባለለት አበባ በረሃውን ሸፈነው። ለተማሪዎቼ ያሳየሁት ፎቶግራፍ የዚያ ጸደይ ነበር። ከአበባው በታች ጎርፍ ያመጣው ደለል እንዳለ አልነገርኳቸውም።

ሌላም ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። 1997ም 2015ም ብርቱ ኤልኒኞ የተከሰተባቸው ዓመታት ናቸው። በኤልኒኞ ጊዜ የሰላማዊ ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ክፍል ይሞቃል። በቺሊ ፊት ለፊት ዝናብን የሚያግደው ከፍተኛ የአየር ግፊት ይዳከምና ወጀቡ ወደ ሰሜን ለመዝለቅ መንገድ ያገኛል። ይኸው ክስተት በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል የክረምቱን ዝናብ ያሳንሳል። በ2015 በልግም ክረምትም ከዳን፤ በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው መንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች አስታወቁ።

ጥንቃቄ ያሻል። የመጋቢቱን ጎርፍ ሙሉ በሙሉ የኤልኒኞ ሥራ ማድረግ አይቻልም። አበባው ሁሉም ከኤልኒኞ አይመጣም፤ በ2022 ያበበው ላኒኛ በነበረበት ዓመት ነው። ቢሆንም ለተማሪዬ ጥያቄ መልስ አለኝ። አይደለም፣ አታካማ ላይ የጣለው ውሃ ከእኛ ሰማይ የተወሰደ አልነበረም። ነገር ግን እዚያ በረሃው እንዲያብብ፣ እዚህ ማሳው እንዲደርቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የጋራ ነበር። ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም፤ በክፍሉ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ለታሪክ የቀረበው እርሱ ነበር።

ይህ ዝምድና የትናንት አይደለም። በ1888 በጀመረው ኤልኒኞ ወቅት፣ በነሐሴ ወር፣ የማፖቾ ወንዝ ሞልቶ በሳንቲያጎ ታዋቂ የነበረውን የካል ኢ ካንቶ ድልድይ አፈረሰ፤ መሠረቱን ቀድሞ ያዳከመው የወንዙ ማስተካከያ ሥራ ቢሆንም። በዚያው ዓመት በእኛ አገር ድርቅና የደስታ በሽታ ተደራርበው እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ገባ። ሁለቱ በየአገራቸው መዝገብ ለየብቻ ተጽፈዋል። ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የእኛ ሥራ ነው።

«ተአምር» የሚለውን ቃል የምፈራው ለዚህ ነው። ተአምር ምክንያት አይጠየቅም፤ ምክንያት ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ታሪክ አይኖረውም። ባለዕዳም አይኖረውም። ይህ ዛሬ በአታካማ በተግባር ይታያል። አበባው በታየ ቁጥር ጎብኚ ይጎርፋል፤ ተሽከርካሪ ከመንገድ ወጥቶ ሜዳውን ይረግጣል፤ አበባው ይቀጠፋል፣ ኮረቱም ይነቀላል። የተቀጠፈው አበባ ዘር ሳይጥል ይቀራል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ዝናብ መጥቶ ሜዳው ሳያብብ ሲቀር ነው። ቺሊ የአንበሳ ጥፍር የሚገኝበትን የያኖስ ዴ ቻዬን ብሔራዊ ፓርክ በ1994 አቋቁማለች። በ2022 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጋብሪኤል ቦሪች ያበበው በረሃ ራሱ ብሔራዊ ፓርክ እንደሚሆን አስታወቁ። በእኔ አስተያየት የውሳኔው ትልቅ ፋይዳ አበባ በሌለበት ዓመትም መሬቱ ባዶ እንዳልሆነ በሕግ ማመኑ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በሥራ ዘመናችሁ «ባዶ»፣ «ጠፍ»፣ «ሰው አልባ» የሚሉ ቃላት በሰነድ ላይ ያጋጥሟችኋል። ቃሉን ማን ጻፈው? በየትኛው ወቅት ሲያልፍ? ምን ያህልስ ቆሞ ተመለከተ? ብላችሁ ጠይቁ። ከኋላ ወንበር የሚነሣ እጅ ስታዩም ፈገግ ብላችሁ አትለፉ። እኔ አልፌ፣ መልሱን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል።